ሐይቅ ዳር ሲያርፉ፦ ሄሊኮፕተር በድንገት ቁልቁል የሚወርድበት ምክንያትና መውጫው

ኮሌክቲቩን ወደ ላይ ሲስቡት ሄሊኮፕተሩ መውረዱን ካቆመ ችግር የለም። ስበውትም ይበልጥ የሚወርድ ከሆነ ግን፣ እጅዎ በልማድ የሚሠራው ሥራ ራሱ አደጋውን እያባባሰው ሊሆን ይችላል። ይህ መመሪያ ለሄሊኮፕተር ተማሪዎችና ፈቃድ ካገኙ ብዙ ላልቆዩ አብራሪዎች የተጻፈ ነው። የማረፊያ ቦታ የሚመርጡ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ማሳያ ያደረግሁት የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የከሰዓት ሙቀት፣ በቀን ውስጥ አቅጣጫውን የሚቀያይር ነፋስ፣ ከዳር የቆሙት የታቦርና የአላሙራ ተራሮች፣ ዓይን የሚያታልል ጸጥ ያለ ውኃ፤ ሄሊኮፕተርን የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። እዚያ የሚሠራው ዘዴ ባሕር ዳርም አርባ ምንጭም ይሠራል።

ጉዳዩ በአገራችን የቅንጦት አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የፖላንድና የሶቪየት ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ለእርዳታው ሥራ መጥተው በዚህ ከፍታ ሲበሩ ነበር። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሰው በውኃ ሲከበብ፣ ለማዳን የተሰማሩት ጀልባና ሄሊኮፕተር ናቸው። እንዲህ ያለው በረራ የሚደረገው ባልተዘጋጀ ሜዳ ላይ፣ በከባድ ጭነት፣ በጥድፊያ ነው። ድንገተኛው መውረድም የሚመጣው ይህን ጊዜ ነው።

ሦስቱን ለይተው ይወቁ

ከወንበር ላይ ሆነው ሲያዩት ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ይመስላሉ፤ መሬቱ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይመጣል። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው የአየር አዙሪት ቀለበት ነው፤ አብራሪዎች ቮርቴክስ ሪንግ የሚሉት። ሮተሩ በአየር ላይ የሚያቆምዎት አየር ወደ ታች በመግፋት ነው። ወደ ፊት የሚያራምድ ፍጥነት ሳይኖርዎት በቀጥታ ወደ ታች ከወረዱ፣ ሮተሩ ራሱ የገፋው አየር ላይ ይደርስበታል። ያ አየር በብሌዶቹ ጫፍ በኩል ዞሮ ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ከላይ ይገባል። ሮተሩ አዲስ አየር መያዙን ትቶ ያንኑ አየር ያሽከረክራል። ኃይል ሲጨምሩ የሚጨምሩት ለአዙሪቱ ነው። በክረምት ጭቃ የገባ መኪና ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ጎማው ይበልጥ እንደሚቀበረው ማለት ነው።

ሁለተኛው የኃይል ማነስ ነው። እዚህ ላይ አየሩ አልታወከም፤ ሞተሩ ሄሊኮፕተሩን በዚያ ክብደት፣ በዚያ ከፍታና ሙቀት ባለበት ሊያንሳፍፈው አልቻለም። ኮሌክቲቩን ከሞተሩ አቅም በላይ ሲስቡት የሮተሩ ዙር ይወርዳል። ብሌዱ የሚሰጠው ማንሻ ኃይል በዙሩ ካሬ ልክ ስለሚለዋወጥ፣ ዙሩ በ10 በመቶ ሲቀንስ ማንሻው በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የጅራቱ ሮተርም ከዋናው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ይዳከማል፤ ስለዚህ ቁልቁል እየወረዱ መዞርም ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው የሚወርድ አየር ነው፤ ከተራራ ጀርባ ወይም ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚመጣ። በሐዋሳ በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ከከበደ መልሱ አጭር ነው፤ እስኪያልፍ ይጠብቁ ወይም ሌላ ቦታ ይረፉ። ደመናን በማሽን ኃይል ማሸነፍ አይቻልም።

ከመነሳትዎ በፊት አየሩን ያስሉ

አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል።

የሐይቁ ዳር ከፍታ በጫማ 5,600 ያህል ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይደምሩ። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 24 ነው፤ 24 በ120 ሲባዛ 2,880 ይሆናል። ስለዚህ ሮተሩ የሚሠራው 8,480 ጫማ፣ ማለትም 2,580 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው። በማለዳው 13 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ያው ሜዳ 6,680 ጫማ ያህል ብቻ ይሆናል። ቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ከማለዳ እስከ ከሰዓት 1,800 ጫማ ከፍ ያለ ያህል ግን አየሩ ሳስቷል። የአየር ግፊቱን ከሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ጠይቀው ስሌቱን ያርሙ፤ ያለዚያም ቢሆን ይህ ግምት ለውሳኔ ይበቃል።

አሁን የበረራ መጽሐፉን ይክፈቱና ሁለት ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ይመልከቱ። አንደኛው በግራውንድ ኢፌክት ውስጥ፣ ሌላኛው ከግራውንድ ኢፌክት ውጭ ሆቨር ማድረግ የሚችሉበትን ክብደት ያሳያል። ሄሊኮፕተሩ ከመሬት ከሮተሩ ስፋት ባነሰ ከፍታ ላይ ሲንሳፈፍ፣ መሬቱ የሚወርደውን አየር ስለሚገታው የሚፈለገው ኃይል ይቀንሳል። ይህ ድጋፍ የሚገኘው ግን በጠንካራና በለጥ ያለ መሬት ላይ ነው። በውኃ ላይ፣ በፊላና በረጅም ሣር ላይ ይደክማል። ሐይቅ ዳር ያለው ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ ምክሬ የማያሻማ ነው፤ የውኃ ዳር ማረፊያ ሲያቅዱ የሚበቃዎትን ክብደት ከግራውንድ ኢፌክት ውጭ ካለው ሰንጠረዥ ብቻ ይውሰዱ። ቁጥሩ ካልበቃ ነዳጅ፣ ዕቃ ወይም ሰው ይቀንሱ። «እንግዶቹ ትልቅ ሰዎች ናቸው» የሚል መልስ ሰንጠረዡን አይለውጠውም። በጠዋት መብረር ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ፤ የሰዓት ለውጥ ብዙ ጊዜ ከክብደት ቅነሳ ይቀላል።

ነፋሱን ከውኃው ላይ ያንብቡ

ሐዋሳ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ይበልጥ ስለሚሞቅ ነፋሱ በአብዛኛው ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊትና ማለዳ ይገለበጣል። በዚህ የተነሳ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጥመድ ይፈጠራል። ለአብራሪ የሚመቸው መንገድ በውኃው ላይ መጥቶ ዳር ማረፍ ነው፤ ሽቦ የለም፣ ቤት የለም፣ ሰው የለም። ግን በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የሚመጣ ሰው ነፋስን ከኋላው ይዞ ነው የሚያርፈው።

ይህ ለምን እንደሚከፋ በቁጥር ይመልከቱት። በ10 ዲግሪ ቁልቁለት እየቀረቡ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለዎት ፍጥነት 25 ኖት ነው። ከፊት 15 ኖት ነፋስ ካለ በመሬት ላይ የሚሄዱት በ10 ኖት ነው፤ የሚወርዱትም በደቂቃ 180 ጫማ ያህል ነው። ያው ነፋስ ከኋላ ከሆነ በመሬት ላይ 40 ኖት ይሄዳሉ፤ በደቂቃም 710 ጫማ ያህል ይወርዳሉ። አራት እጥፍ ማለት ነው። ከዚያም ዓይንዎ «ፈጠንኩ» ይልና አፍንጫውን ያነሳል። መሬቱ በለመዱት በ25 ኖት ሲያልፍ በአየር ውስጥ የቀረዎት 10 ኖት ብቻ ነው፤ መውረዱ አሁንም በደቂቃ 440 ጫማ አካባቢ ነው። ለአዙሪት ቀለበቱ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟላ ማለት ነው። አብራሪው ምንም የተለየ ነገር እንዳደረገ አይሰማውም።

ስለዚህ ቦታውን አንድ ጊዜ በከፍታ ይዙሩትና እነዚህን ይፈልጉ። ማዕበሉ የፍቅር ሐይቅን መዝናኛ ዳር የሚመታ ከሆነ ነፋሱ ከሐይቅ ነው። ከዳሩ አጠገብ ለስላሳ፣ መስታወት የመሰለ የውኃ ሰቅ ካለና ሞገዱ ራቅ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ነፋሱ ከየብስ ነው፤ ለስላሳው ሰቅ ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት ዳር በኩል ይተኛል። በአሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ከሚጠበስበት የሚወጣውን ጭስ፣ በአንድ ገመድ የታሰሩ ጀልባዎች አፍንጫቸውን ያዞሩበትን አቅጣጫ ይመልከቱ። አባ ኮዳና ይብራ ሲያርፉ ወደ ነፋስ ዞረው ነው የሚያርፉት። እግረ መንገድዎን ስንት እንደሆኑም ይዩ፤ አባ ኮዳ ትልቅ ወፍ ነው፣ ዓሣ በሚጸዳበት ሰዓት መንጋው በዚያ ዳር ይሰፍራል።

ነፋሱ ከሐይቅ ከሆነና ከከተማው በኩል መቅረብ በሰው ጣሪያ ላይ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆነው በጎን ነፋስ ይቅረቡ። ለጅራት ሮተሩ በየትኛው በኩል ያለ ነፋስ እንደሚከፋ የበረራ መጽሐፉ ይነግርዎታል። ያም ካልተመቸ ሜዳው ለዚያ ሰዓት ሜዳ አይደለም። ማረፊያ የሚመርጡ ሰዎች ይህንን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ ለሆቴሉ በር የቀረበ ቦታ ለበረራው የቀረበ ቦታ አይደለም። ከከተማው ወጣ ያለ፣ በሁለት አቅጣጫ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሜዳ ይሻላል።

ታቦርን በተመለከተ፣ ነፋሱ ከሚመታው ተቃራኒ ጎን ያለው አየር ቁልቁል ይፈስሳል። በዚያ ጥላ ውስጥ ዝግተኛ አቀራረብ አይሥሩ።

ሲቀርቡ

ከ500 ጫማ በላይ ሳሉ፣ ገና ፍጥነት እያለዎት፣ የኃይል መለኪያውን ያንብቡ። አሁን በቀጥታ ለመብረር የሚፈጀው ኃይል ካሰቡት በላይ ከሆነ፣ ሆቨር ላይ ይባስ ይፈጃል። የማይመልሱት ከፍታ ላይ ሳይደርሱ እንዲህ ያለውን ዜና መስማት ጥሩ ነው።

ከዚያ አንድ ሕግ ይያዙ፤ በአየር ውስጥ ያለዎት ፍጥነት ከ30 ኖት በታች ሲሆን የሚወርዱበት ፍጥነት በደቂቃ ከ300 ጫማ አይለፍ። መጀመሪያ መውረዱን ይቀንሱ፣ ከዚያ ፍጥነቱን። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ ከፍ ብለው ሲመጡና ሜዳው «ሊያመልጠኝ ነው» ሲያሰኝ ነው። ከፍ ብለው ከመጡ ዞረው ይምጡ። ዞሮ መምጣት የሚፈጀው ነዳጅ ጥቂት ነው።

ይህ 300 ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳይነገራቸው የሚሸመድዱት ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። አዙሪቱ የሚጀምረው ሮተሩ በሆቨር ጊዜ አየሩን ወደ ታች ከሚገፋበት ፍጥነት ግማሽ ግድም ሲወርዱ ነው። በዚህ ቀጭን አየር 1,100 ኪሎ የሚመዝን ሮቢንሰን አር-44 አየሩን የሚገፋው በሴኮንድ 8.5 ሜትር ገደማ ነው፤ የዚህ ግማሽ በደቂቃ 830 ጫማ ያህል ይሆናል። 11 ቶን የሚመዝንና ሮተሩ 21.3 ሜትር የሆነ ሚ-17 ደግሞ በሴኮንድ 12.6 ሜትር ይገፋል፤ ግማሹ በደቂቃ 1,240 ጫማ አካባቢ ነው። ስለዚህ 300 የገደሉ አፋፍ አይደለም፤ ከአፋፉ ራቅ ብሎ የቆመ አጥር ነው። አጥሩ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። የፍጥነት መለኪያው ከ30 ኖት በታች አይታመንም፣ የመውረጃ መለኪያው ዘግይቶ ነው የሚናገረው፣ ነፋሱም ይለዋወጣል። ከባድ ሄሊኮፕተር ዘግይቶ ይገባበታል ማለት ግን ይቀልለታል ማለት አይደለም፤ ከገባ በኋላ የሚወርደው በዚያው ልክ በበለጠ ፍጥነት ነው።

በውኃው ላይ ሲወርዱ ደግሞ ዓይንዎን አይመኑ። ማለዳ ሐይቁ ሲረጋ የውኃው ገጽ አይታይም፤ የሚታየው የሰማዩ መልክ ነው። ከፍታም፣ ወደ ፊት መሄድም፣ መውረድም አይለይም። ዳር ያለ ዛፍ፣ ጀልባ ወይም የፊላ ጫፍ ይያዙና እይታዎን በእርሱና በመለኪያዎቹ መካከል ያፈራርቁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2013 በስኮትላንድ ሸትላንድ ደሴቶች፣ ሰምበራ አጠገብ ባሕር ውስጥ የወደቀው ሱፐር ፑማ 18 ሰዎች ይዞ ነበር፤ አራቱ ሞቱ። ደመና ውስጥ ሆኖ ወደ ማረፊያው ሲወርድ ፍጥነቱ ሳይስተዋል እየቀነሰ ሄደ፤ ሲታወቅ ለመመለስ የሚበቃ ከፍታ አልነበረም። ጎበዝ ሠራተኞች ነበሩ፤ ያልተከታተሉት አንድ መለኪያ ነበር። በሁለት አብራሪ የሚበሩ ከሆነ አንደኛው ከ500 ጫማ ጀምሮ ፍጥነቱንና መውረዱን ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ከተከሰተ

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የኃይል መለኪያው ጣሪያው ላይ ደርሶ የሮተሩ ዙር ከወረደና የዝቅተኛ ዙር ማስጠንቀቂያው ከጮኸ፣ ሳይክሊኩ ግን እንደወትሮው የሚታዘዝ ከሆነ ኃይል አንሶዎታል። ኮሌክቲቩን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ዙሩን ይመልሱ፤ ቦታ ካለ ወደ ፊት ፍጥነት ይያዙና ይውጡ፤ ከሌለ ባለዎት ዙር ለስለስ አድርገው መሬት ይያዙ።

ሄሊኮፕተሩ ከተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው ያለ ትእዛዝ ግራ ቀኝ ላይ ታች ካለ፣ ሳይክሊኩ ከላላ፣ የኃይል ትርፍ እያለ ኮሌክቲቩን ሲስቡ የመውረጃው መርፌ ይበልጥ ከወረደ፣ አዙሪቱ ውስጥ ነዎት። በመሳብ ብቻ ለመውጣት መሞከርዎን ያቁሙ። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ።

የቆየው መንገድ ሳይክሊኩን ወደ ፊት መግፋት፣ ኮሌክቲቩን ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነት ሲያዝና ንጹሕ አየር ሲገኝ ኃይል ጨምሮ መውጣት ነው። ይሠራል፤ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ጫማ ይበላል። በአቀራረቡ መጨረሻ ላይ ያ ከፍታ በእጅዎ የለም።

ሁለተኛው ስዊዘርላንዳዊው አብራሪ ክሎድ ቩሻር ያስተማረው ዘዴ ነው፤ ከአዙሪቱ የሚያወጣዎት በጎን ነው። ኃይሉን ወደ መውጫ ኃይል ያድርሱ፣ አቅጣጫውን በፔዳል ይያዙ፣ በዚያው ቅጽበት ሳይክሊኩን የጅራት ሮተሩ ወደሚገፋበት ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘንብሉ። የጅራቱ ግፊትና ማዘንበሉ ተጋግዘው ሮተሩን ከአዙሪቱ ጠርዝ ያወጡታል። በደንብ ከተሠራ የሚጠፋው ከ20 እስከ 50 ጫማ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ሮተራቸው ከላይ ሲታይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ በሚዞሩት፣ እንደ ሮቢንሰን ባሉት፣ ግራ ፔዳልና ቀኝ ሳይክሊክ ነው። ሚ-8ና ሚ-17 በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞሩ ይገለበጣል፤ ቀኝ ፔዳልና ግራ ሳይክሊክ። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሸጋገር አብራሪ ይህንን በቃሉ ሳይሆን በእጁ ማወቅ አለበት። የሚያበሩት ሄሊኮፕተር መጽሐፍ የራሱ ትእዛዝ ካለው ደግሞ ከሁሉም በላይ እርሱ ነው።

ሥልጠናና ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ ሁለት ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2011 ፓኪስታን አቦታባድ፣ በወታደራዊ ዘመቻ ላይ ሳለ ግቢ ውስጥ የወደቀው የአሜሪካ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር የተበረረው በምርጥ አብራሪዎች ነው። ልምምድ ያደረጉበት ግቢ አጥሩ የሽቦ ነበር፤ እውነተኛው ግን ረጅም ድፍን ግንብ ነበረው። አየሩም ከተጠበቀው ሞቃት ነበር። ሮተሩ የገፋው አየር ግንቡን መትቶ ተመለሰ፣ ማንሻው ከዳቸው። በእኛ ከተሞች ማረፊያ የሚሆነው ሜዳ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ግቢ ነው፤ ግንቡም አለ፣ ጥግ ጥጉን የሚበር ልቅ ቆርቆሮም አለ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2000 በአሪዞና ማራና የወደቀው ባለ ሁለት ሮተሩ የአሜሪካ ኦስፕሬይ ነው፤ 19 ሰዎች አለቁ። በደቂቃ ከ2,000 ጫማ በላይ እየወረደ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ፣ አንደኛው ሮተር ማንሻውን ሲያጣ ማሽኑ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ለአብራሪዎቹ የተሰጠው ገደብ ከ40 ኖት በታች በደቂቃ ከ800 ጫማ በላይ አለመውረድ ሆነ።

ልምምዱ

አዙሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙት ሐይቅ ዳር ላይ መሆን የለበትም። ከአስተማሪ ጋር፣ ከመሬት ቢያንስ 2,000 ጫማ ከፍ ብለው፣ ቀለል ባለ ጭነት ይለማመዱት። ፍጥነቱን ከ20 ኖት በታች ያውርዱ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ይውጡ። ጥልቅ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚማሩት መንቀጥቀጡን ማወቅ ነው። መጀመሪያ የቆየውን መንገድ፣ ከዚያ የጎኑን ይሥሩና በሁለቱ የጠፋውን ከፍታ ከመለኪያው ላይ ይጻፉት። ከዚያ በኋላ ያው ልምምድ ከኋላ ነፋስ ይዞ ሲደረግ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚመጣ አስተማሪዎ ያሳይዎት።

ሐዋሳ ሲደርሱም የመጀመሪያውን አቀራረብ ለማረፍ አይሥሩት። እስከ 200 ጫማ ይውረዱ፣ ኃይሉን፣ ነፋሱንና ወፎቹን ይዩ፣ ዳር ያሉ ታንኳዎችና ሰዎች ከሮተሩ ነፋስ መራቃቸውን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ፍጥነትዎን እንደያዙ ወጥተው ይዙሩ። በሁለተኛው ይረፉ።